ቋንቋ አድራሻ ብቻ ነውን?
ስለ አፌዢያ በምንማረው ትምህርት ላይ የቀረበ ሒስ

የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው ሁሉ አንድ ሥዕል ያውቃል። የአንጎል ግራ ጎን ይሳልና ከፊት በኩል አንድ ክብ፣ ከኋላ በኩል ሌላ ክብ ይደረጋል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ቅስት መስመርም ይሰመራል። የፊተኛው ክብ የብሮካ ክልል ይባላል፤ ሥራው መናገር ነው። የኋለኛው የቬርኒከ ክልል ይባላል፤ ሥራው የተነገረውን መረዳት ነው። መስመሩ ከኋላ ያለውን ወደ ፊት ያደርሳል፤ ሲበጠስም ሰው የሰማውን መድገም ይሳነዋል። ሥዕሉ ለማስታወስ ቀላል፣ ለፈተናም የተመቸ ነው። እኔም በተማሪነቴ ደጋግሜ ስዬዋለሁ፤ ኋላም በተራዬ ለተማሪዎች ስስለው ቆይቻለሁ።

በዚህ ሥዕልና በዙሪያው በሚሰጠው ትምህርት ላይ ሒስ ለማቅረብ ያነሣሣኝ ግን መጽሐፍ ሳይሆን አንዲት ታማሚ ናቸው። ኢንተርን በነበርኩበት ዘመን በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በስድሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ እናት በጎረቤቶቻቸው ተደግፈው መጡ። በገበያ ቅመማ ቅመም እየሸጡ የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። እጅና እግራቸው በሚገባ ይንቀሳቀሳል፤ ፊታቸው አልተጣመመም። ንግግራቸውም አልተቋረጠም፤ እንዲያውም ያለ ፋታ ይናገራሉ። ችግሩ የሚናገሩትን ማናችንም አለመረዳታችን ነበር። ጎረቤቶቻቸው የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ሀዲይኛ መሆኑን ነገሩን። ከመካከላችን ሀዲይኛ የሚያውቅ ስላልነበረ «በቋንቋቸው እየተናገሩ ነው» ብለን አለፍን። ለአማርኛ ጥያቄያችን ተገቢ መልስ ስላልሰጡን መዝገባቸው ላይ «መደናገር» ብለን ጻፍን፤ በማግስቱም የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዲያያቸው ወረቀት ላክን። በሦስተኛው ቀን ልጃቸው ከሆሳዕና ደረሰች። ከአልጋው አጠገብ ተቀምጣ ጥቂት ካዳመጠች በኋላ እያለቀሰች «ይህ የእኛ ቋንቋ አይደለም፤ የማንም ቋንቋ አይደለም» አለችን።

ሲቲ ስካን ሲነሣ በግራው ንፍቀ አንጎል፣ ከጆሮ በላይ ባለው የኋለኛ ክፍል፣ በደም ሥር መዘጋት የደረሰ ሰፊ ጉዳት ታየ። የልብ ምታቸው ወጥ አለመሆኑን ያስተዋልነውም ያን ዕለት ነበር። የጠፉት ሦስት ቀናት የሕመሙን ፍጻሜ ይለውጡ ነበር ብዬ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም። በእነዚያ ሦስት ቀናት ግን ስትሮክ ይዞአቸው የመጡ እናት እንደ አእምሮ ታማሚ ተቆጥረዋል። በዚያ ክፍል ከነበርነው መካከል ሥዕሉን መሳል የማይችል አልነበረም። ታዲያ ሥዕሉን እያወቅን ታማሚዋን ለምን አላወቅናቸውም? ይህ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ የሚሞክር ነው።

የሥዕሉ ውለታ

ሒስ ማለት ማፍረስ ብቻ አይደለምና በቅድሚያ የሥዕሉን ውለታ መናገር ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ ወር 1861 ፖል ብሮካ በፓሪስ አቅራቢያ በሚገኘው በቢሴትር ሆስፒታል ሌቦርኝ የተባለ የ51 ዓመት ታማሚ ተረከበ። ይህ ሰው ለ21 ዓመታት ያህል ከሚናገራት አንዲት ድምፅ የተነሣ «ታን» በሚል ቅጽል ይታወቅ ነበር። የሚነገረውን በአብዛኛው ይረዳል፤ መልሱ ግን ሁልጊዜ «ታን፣ ታን» ነው። በእግሩ ላይ በደረሰ ኢንፌክሽን ምክንያት ብሮካ ዘንድ በመጣ በቀናት ውስጥ ሞተ፤ አንጎሉ ሲመረመርም በግራው የፊት ክፍል ላይ ጉዳት ተገኘ። ከ13 ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1874 ካርል ቬርኒከ የተባለ የ26 ዓመት ወጣት ሐኪም ተቃራኒውን ገጽታ አሳየ፦ ቃላት እንደ ጅረት የሚፈሱላቸው፣ ነገር ግን ንግግራቸው ትርጉም የጎደለውና የሰሚ ችሎታቸው የተጎዳ ታማሚዎች። ቬርኒከ በዚህ ሳይወሰን ሁለቱን ክልሎች የሚያገናኘው መንገድ ቢቋረጥ ምን እንደሚከተል አስቀድሞ ተነበየ። ኖርማን ጌሽዊንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ሰፊ ጥናት ይህን አስተሳሰብ ከተረሳበት አንሥቶ በዘመናዊው የነርቭ ሕክምና ውስጥ አጸናው።

የንግግር መታወክ የአንደበት ጉድለት ወይም የእብደት ምልክት ሳይሆን የአንጎል ሕመም ሊሆን እንደሚችል የተማርነው ከእነዚህ ሰዎች ነው። «ንግግሩ የሚፈስ ነው ወይስ የሚቆራረጥ?» የሚለው የአልጋ ዳር ጥያቄም ዛሬ ድረስ ጠቃሚ ነው። ሒሴ ሥዕሉ መኖሩ ላይ አይደለም። ሥዕሉ ለቋንቋ አድራሻ ሰጥቶ ሲያበቃ ሦስት ነገሮችን አስቀርቷል፦ ቋንቋ በዕድሜ ውስጥ የሚያልፍበትን ጊዜ፣ የቋንቋውን ዓይነትና ባለ ቋንቋውን ሰው። ከእነዚህ በፊት ግን አድራሻው ራሱ ትክክል መሆኑን መጠየቅ ይገባል።

መሠረቱ ሲመረመር

ብሮካ የሌቦርኝን አንጎል ሳይቆራርጥ ለትውልድ አስቀመጠው። ይህ አስተዋይነቱ ከ146 ዓመታት በኋላ ፍሬ አፈራ። እ.ኤ.አ. በ2007 ኒና ድሮንከርስና የሥራ ባልደረቦቿ የሌቦርኝንና ሌሎንግ የተባለውን የሁለተኛውን ታማሚ አንጎል በኤም.አር.አይ. መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። ብሮካ በዓይኑ ያየው የላይኛውን ገጽ ነበር፤ ጉዳቱ ግን ወደ ውስጥ ጠልቆ የፊቱንና የኋላውን የአንጎል ክፍል የሚያያይዙ ረጃጅም የነርቭ ጥቅሎችን ጭምር ያጠፋ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ የመጀመሪያው «የብሮካ አፌዢያ» ታማሚ በብሮካ ክልል ብቻ የተጎዳ አልነበረም።

ይህ ግኝት ከዚያ በፊት የታወቀን ነገር የሚያጠናክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ሞርና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት በብሮካ ክልል ብቻ የተወሰነ ጉዳት የሚያስከትለው የንግግር ችግር አብዛኛውን ጊዜ በፍጥነት የሚሻል እንደሆነ፣ ዘላቂው የብሮካ አፌዢያ ግን እጅግ ሰፋ ያለ ጉዳት እንደሚጠይቅ አሳይተዋል። «ብሮካ ይናገራል፤ ቬርኒከ ይረዳል» የሚለውም ክፍፍል ቢሆን አልጸናም። እ.ኤ.አ. በ1976 ካራማዛና ዙሪፍ እንዳሳዩት፣ ይረዳሉ የሚባሉት የብሮካ አፌዢያ ታማሚዎች ትርጉሙ በሰዋስው ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ዓረፍተ ነገር ሲቀርብላቸው ማን አድራጊ ማን ተደራጊ እንደሆነ ይጠፋባቸዋል። የቬርኒከ ክልል ድንበር በትክክል የት እንደሆነም በመስኩ ባለሙያዎች መካከል ስምምነት የለም።

ዛሬ ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው አስተሳሰብ፣ ለምሳሌ ሂኮክና ፖፕል እ.ኤ.አ. በ2007 ያቀረቡት፣ ከሁለት ክቦች ይልቅ ስለ ሁለት ጎርፎች ይናገራል። አንደኛው ጎርፍ በታችኛው የአንጎል ክፍል በኩል ከድምፅ ወደ ትርጉም ይወስዳል፤ በዚህኛው ቀኙ ንፍቀ አንጎልም ድርሻ አለው። ሁለተኛው በላይኛው በኩል የተሰማን ድምፅ ወደ አፍና ምላስ እንቅስቃሴ ይለውጣል፤ ይህ ወደ ግራ ያደላል። አዳዲስ የመማሪያ መጻሕፍት ይህን መጥቀስ ጀምረዋል። ወደ ዋርድ የሚደርሰውና በፈተና የሚጠየቀው ግን አሁንም የድሮው ሥዕል ነው።

ጊዜ የሌለው ካርታ

ሥዕሉ ያስቀረው የመጀመሪያ ነገር ጊዜ ነው። በሥዕሉ ላይ ያለው አንጎል ዕድሜ የለውም፤ ቋንቋም እንደ ተሠራ ዕቃ ተቀምጦበታል። የሰው ልጅ ግን ቋንቋ ይዞ አይወለድም፤ ለቋንቋ ዝግጁ ሆኖ ይወለዳል። ዝግጁነቱም ከልደት በፊት ይጀምራል። ዲካስፐርና ፋይፈር እ.ኤ.አ. በ1980 እንዳሳዩት የተወለደ ጥቂት ቀን እንኳ ያልሞላው ሕፃን የእናቱን ድምፅ ከሌላ ሴት ድምፅ ለይቶ ይመርጣል።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው መጨመር ብቻ አይደለም፤ መቀነስም አለበት። ጃኔት ዌርከርና ሪቻርድ ቲስ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ሥራ በእንግሊዝኛ ተናጋሪ ቤት የሚያድጉ ሕፃናትን በሁለት ባዕድ ቋንቋዎች ድምፆች ፈተኑ፤ አንዱ ሂንዲ ሲሆን ሌላው በካናዳ ቀደምት ነዋሪዎች የሚነገር ነው። የኋለኛው ድምፆች እንደ እኛ «ቀ» በጉሮሮ ፍንዳታ የሚነገሩ ነበሩ። ከ6 እስከ 8 ወር ያሉት ሕፃናት ልዩነቱን ያውቃሉ፤ ከ10 እስከ 12 ወር ሲደርሱ ግን አብዛኞቹ አያውቁትም። ጆሮአቸው ደንዝዞ አይደለም፤ አንጎላቸው በዙሪያው ለሚሰማው ቋንቋ ራሱን እያደላደለ ነው። የውጭ ሰው «ጠ»ን ከ«ተ»፣ «ቀ»ን ከ«ከ» ለመለየት ሲቸገር ስናይ ፈገግ እንላለን፤ ያ ሰው ግን በስድስት ወር ዕድሜው ሊለያቸው ይችል የነበረ ይመስላል።

ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት ሌላ ነገር ጨመረበት። የ9 ወር አሜሪካውያን ሕፃናት በ12 ጊዜ ቆይታ ማንዳሪን ቻይንኛ ከሚናገር ሰው ጋር ሲጫወቱ የቋንቋውን ድምፆች የመለየት ችሎታቸው ተጠበቀ። ተመሳሳዩን ንግግር በቴሌቪዥን ወይም በድምፅ ብቻ የቀረበላቸው ግን ምንም አላተረፉም። ስለሆነም በዚያ ዕድሜ ቋንቋ የሚገኘው ከድምፅ ብቻ ሳይሆን ዓይን ዓይኑን እያየ ከሚያናግረው ሰው ነው። ልጁ መናገር ዘገየብኝ ብላ ለምትመጣ እናት ይህ ከማናቸውም ሽሮፕ የበለጠ ምክር ነው።

የአድራሻው ነገርም በዕድሜ ይለወጣል። በልደት አካባቢ በስትሮክ ግራ ንፍቀ አንጎላቸው የተጎዳባቸውን ወጣቶች ያጠኑት ኒውፖርትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳመለከቱት፣ እነዚህ ወጣቶች ቋንቋቸውን በሚገባ ይናገራሉ፤ ቋንቋው የተቀመጠው ግን በቀኙ ንፍቀ አንጎል፣ በግራው ትይዩ ቦታ ላይ ነው። በአዋቂ ላይ ቢደርስ ከባድ አፌዢያ ሊያስከትል የሚችል ጉዳት በአራስ ላይ ሲደርስ ቋንቋው ሌላ ቤት አገኘ ማለት ነው።

ይህ ክፍል ከትምህርታችን በመጉደሉ ሁለት ስሕተቶች በየክሊኒኩ ሲፈጸሙ እናያለን። አንደኛው «ወንድ ልጅ ዘግይቶ ይናገራል፤ ይጠበቅ» የሚለው ነው። መናገር የዘገየ ሕፃን በቅድሚያ የመስማት ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። መስማት የተሳነው ልጅ የምልክት ቋንቋም ሆነ የሚነገር ቋንቋ ሳያገኝ የሚያሳልፋቸው የመጀመሪያ ዓመታት ኋላ በቀላሉ አይካሱም። የምልክት ቋንቋን በሕፃንነታቸው የለመዱና ከ12 ዓመት ዕድሜ በኋላ የጀመሩ ሰዎች ለአሥርተ ዓመታት ከተጠቀሙበት በኋላ እንኳ በሰዋስው ችሎታቸው እንደሚለያዩ ኒውፖርት እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው ጥናት አሳይታለች። ሁለተኛው ስሕተት ልጃቸው በንግግር ለዘገየባቸው ሁለት ቋንቋ ተናጋሪ ወላጆች «አንዱን ቋንቋ ተዉት» ማለት ነው። ይህ ምክር በከተሞቻችንም፣ በአሜሪካና በአውሮፓ በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድም ይሰማል። ሁለት ቋንቋ መስማት የንግግር መዘግየት ሕመም አያመጣም። የልጁ የቃላት ብዛት በሁለቱም ቋንቋ ተደምሮ ሲቆጠር ከአንድ ቋንቋ ተናጋሪ እኩዮቹ ጋር ይቀራረባል፤ እኛ በአንዱ ብቻ ቆጥረን «አነሰ» እንላለን። ወላጅ በማይመቸው ቋንቋ ልጁን እንዲያናግር ማዘዝ ደግሞ ልጁ የሚያገኘውን ንግግር ያሳንሰዋል።

የቋንቋው ዓይነት

ሁለተኛው የጎደለ ነገር የቋንቋው ዓይነት ነው። ሥዕሉ የተሠራው ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ በሚናገሩ ታማሚዎች ላይ ሲሆን ወደ እኛ የደረሰው በእንግሊዝኛ ነው። ሆኖም ምልክቶቹ ለሰው ልጅ ሁሉ አንድ እንደሆኑ ተደርገው ይነገራሉ።

ለምሳሌ የብሮካ አፌዢያ ንግግር «እንደ ቴሌግራም» ነው እየተባለ እንማራለን፤ ታማሚው ዋና ዋና ቃላትን አስቀርቶ የግስ ቅጥያዎችንና ትናንሽ ቃላትን ይጥላል። በእንግሊዝኛ ይህ ይቻላል፤ ቅጥያው ሲወድቅ የሚቀረው ግስ ራሱን የቻለ ቃል ነውና። በሴማዊ ቋንቋዎች ግን አይቻልም። ስ-ብ-ር የሚለውን ሥር ከሰበረ፣ ከይሰብራል፣ ከሰብሮ፣ ከመስበር ለይቶ ብቻውን ሊናገር የሚችል አንደበት የለም፤ አናባቢ ሲገባበት ብቻ ቃል ይሆናል፤ አናባቢው ከገባ ደግሞ ሰዋስው ገባ። ዮሴፍ ግሮድዚንስኪ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጽሑፍ የዕብራይስጥ ተናጋሪ ታማሚዎች ቅጥያን እንደማይጥሉ፣ ይልቁንም አንዱን በሌላው እንደሚተኩ አመልክቷል። አማርኛም በዚህ ረገድ የዕብራይስጥ ዘመድ ስለሆነ ተመሳሳዩን መጠበቅ ይኖርብናል።

ይህ የሰዋስው ሊቃውንት ክርክር ብቻ እንዳይመስለን። ታማሚው «ወደቅሁ» ለማለት ፈልጎ «ወደቀ... ይወድቃል» ቢል፣ የቴሌግራም ንግግር የሚጠብቅ ሐኪም ግሱ ሙሉ ስለሆነ «ሰዋስው አልተጎዳም» ብሎ ያልፋል። ከዚያም ታማሚው ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ መስሎት «ታሪኩ አይጨበጥም፤ ተደናግሯል» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም ስሕተት ነው።

ለፈተና የምንጠቀምባቸው ዓረፍተ ነገሮችም እንደዚሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 ፎልስታይንና ባልደረቦቹ ባዘጋጁት አጭር የአእምሮ ፈተና ውስጥ ታማሚው እንዲደግመው የሚጠየቀው የእንግሊዝኛ ሐረግ በ«ቢሆን»፣ በ«እና» እና በ«ግን» ዓይነት ትናንሽ ቃላት የተሠራ ነው። በእንግሊዝኛ የተለመደ አባባል ሲሆን አስቸጋሪነቱም ከቃላቱ ትንሽነት ይመጣል። ቃል በቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን ጤነኛ ሰው እንኳ «ምን አልከኝ?» የሚልበት ነገር ይሆናል። እንዲህ ባለ ሐረግ የወደቀን ታማሚ «መድገም አይችልም» ብሎ መመዝገብ የፈተናውን ጉድለት በታማሚው ላይ መጻፍ ነው።

በአንጻሩ የራሳችን ቋንቋ የተሻሉ መፈተኛዎችን በእጃችን አስቀምጧል። «ልጁ አባቱን ጠራው» እና «ልጁን አባቱ ጠራው» የሚሉትን እንመልከት። ቃላቱ አንድ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውም አንድ ነው፤ ጠሪውንና ተጠሪውን የምትለየው ከአንዱ ቃል ወደ ሌላው የተዛወረችው «ን» ብቻ ናት። ሁለት ሥዕል አቅርቦ «የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ካራማዛና ዙሪፍ በእንግሊዝኛ የፈለጉትን ነገር በአማርኛ ለመፈለግ ያስችላል። እንዲሁም «አለ» የሚለው ቃል ጠብቆ ሲነበብ መኖርን፣ ላልቶ ሲነበብ መናገርን ይገልጻል። ፊደላችን ይህን ልዩነት አይጽፍም፤ አንጎላችን ግን ያለ ማቋረጥ ይሰማዋል። መጥበቅና መላላትን የሚያምታታ ታማሚ የሚነግረን ነገር አለ፤ ከውጭ የመጣ ቅጽ ግን ይህን አይጠይቅም። እነዚህ ሐሳቦች በጤነኞችና በታማሚዎች ላይ በሥርዓት ሊፈተኑ ይገባል። ለዚህም ሐኪሞችና የቋንቋ ጥናት ባለሙያዎች አብረው ቢሠሩ መልካም ነው።

ባለ ቋንቋው

ሦስተኛው የጎደለ ነገር ሰውየው ነው። የሥዕሉ ባለቤት አንድ ቋንቋ ብቻ የሚናገርና የተማረ ሰው ነው። የእኛ ታማሚ ግን ከ80 በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩበት አገር ይኖራል፤ በቤቱ አንድ፣ በገበያው ሌላ፣ በጸሎቱ ምናልባት ሦስተኛ ቋንቋ ይጠቀማል። በስትሮክ ጊዜ ከእነዚህ የትኛው ይተርፋል? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሪቦ እ.ኤ.አ. በ1881 ቀድሞ የተለመደው ይቆያል የሚል ሐሳብ አቀረበ፤ ፒትር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1895 ታማሚው ከመታመሙ በፊት ይበልጥ የሚጠቀምበት ቋንቋ ቀድሞ ይመለሳል አለ። ከዚያ ወዲህ የተሰበሰበው ልምድ እንደሚያስረዳው ብዙ ጊዜ ቋንቋዎቹ አብረው ተጎድተው አብረው ይሻሻላሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። አንዱ ተመልሶ ሌላው የሚቀርበት፣ አንዱ ሲመጣ ሌላው የሚሸሽበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በአንድ ቋንቋ ብቻ የተደረገ ምርመራ ስለዚያ ቋንቋ እንጂ ስለ ታማሚው አይናገርም።

የትምህርት ነገርም አለ። ደሐንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 በፖርቱጋልና በብራዚል ያልተማሩ፣ በጎልማሳነታቸው የተማሩና በልጅነታቸው የተማሩ ሰዎችን አነጻጽረው ማንበብ መማር አንጎል ለንግግር የሚሰጠውን ምላሽ ጭምር እንደሚለውጥ አሳይተዋል። ፊደል ያልቆጠሩ ታማሚያችንን «ይህን ጽሑፍ አንብበው የተባለውን ያድርጉ» ብለን መፈተን፣ የሌላቸውን ነገር ጠፋባቸው ብሎ እንደ መመዝገብ ነው።

ምን እናድርግ?

ሒስ ያለ መፍትሔ ወቀሳ ብቻ ይሆናልና በእጃችን ያለውን እንመልከት። የሚከተሉት ሁሉ መሣሪያ አይጠይቁም፤ የንግግር ሕክምና ባለሙያ እጅግ ጥቂት በሆነበት ሁኔታም በነርስ፣ በጤና መኮንንና በሐኪም ሊሠሩ ይችላሉ።

በመጀመሪያ በእያንዳንዱ የስትሮክ ታማሚ መዝገብ ላይ ከዕድሜና ከአድራሻ ቀጥሎ ታማሚው የሚናገራቸው ቋንቋዎች፣ የትኛውን መጀመሪያ እንደለመደና የትኛውን ይበልጥ እንደሚጠቀም ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ንግግሩ በድንገት የማይጨበጥ የሆነ ሰው እጅና እግሩ ደህና ቢሆንም ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ የስትሮክ ታማሚ ተደርጎ ይታይ። ንግግሩ ለእኛ እንግዳ ከሆነም «በቋንቋው ነው» ብለን ከማለፋችን በፊት ቋንቋውን ለሚያውቅ ሰው እናሰማ፤ አስታማሚ ከሌለ ስልክ አለ። ሦስተኛ፣ ድንገተኛ ንግግርን፣ መረዳትን፣ መድገምንና ስም መጥራትን ለየብቻ፣ በየቋንቋው እንመርምር። መረዳትን ስንፈትን እጃችንንና ዓይናችንን እንቆጣጠር፤ አስተርጓሚ የሆነው ዘመድም በምልክት እንዳይረዳው አስቀድመን እንንገረው። አራተኛ፣ «አይረዳም» ብለን ከመጻፋችን በፊት «በምን ቋንቋ ተጠይቆ?» የሚለውን እንመልስ።

አስተማሪዎችን በተመለከተ ሥዕሉን ጥሉት አልልም። ሲሳል ግን አብረውት ሦስት ጥያቄዎች ይሳሉ፦ ይህ አንጎል የስንት ዓመት ሰው ነው? ቋንቋው ምንድን ነው? ባለቤቱ ማን ነው? ሥዕሉን ያለ እነዚህ የተማረ ሐኪም አድራሻውን ያውቃል፤ በሩን ከፍቶ የሚያናግረውን ሰው ግን አያውቅም።

እኚያ እናት ከሆስፒታል በሚወጡበት ቀን በመዝገባቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ «የተነገራቸውን ምንም አይረዱም» የሚል ተጽፎ ነበር። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የጠየቅኋቸውም በአማርኛ ብቻ ነበር። ልጃቸው ልብሳቸውን እያጠፈች በሀዲይኛ ሰላምታ ሰጠቻቸው፤ እርሳቸውም አጭር መልስ መለሱላት። ሰላምታ በልማድ የሚወጣ ንግግር ስለሆነ ብቻውን የመረዳት ማስረጃ አይሆንም ብዬ አሰብኩ። ልጅቱ ግን ቀጥላ ሌላ ነገር ጠየቀቻቸው፤ ራሳቸውን በአሉታ ነቀነቁ። እንደገና ጠየቀቻቸው፤ በአዎንታ ነቀነቁ። ምን ብላ እንደጠየቀቻቸው ስጠይቃት «የገበያውን ዕቃ ማን ሰበሰበልሽ፤ እገሊት ናት ወይ ስላት አይደለችም አለችኝ። የሌላዋን ስጠራላት አዎ አለች። ጎረቤቶቿም ያሉት እንደዚሁ ነው» አለችኝ።

ምላሹን በመዝገቡ ላይ ለመጨመር ብዕሬን ሳወጣ መዝገቡ ወደ መዝገብ ቤት ተመልሶ ነበር።